መስታወት ያየው፣ ባለቤቱ ያልተሰማው

ሐኪሙ የሚጠበቅበትን አድርጓል። ወጣቱ ተዋናይ ድምፁ ተዘግቶ ሲመጣ ጉሮሮውን አየለት፣ ተቆጥቷል አለው፣ መድኃኒት ሰጠው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ድምፁን አጥብቆ እንዲቆጥብ አዘዘው። ወጣቱም ትእዛዙን ጠበቀ። የዝግጅቱ ምሽት ሲደርስ ድምፁ ጥርት ብሎ ነበር። መድረክ ላይ ወጣ፤ ግማሽ ድረስ አማረለት። ከዚያ ድምፁ መሻከር ጀመረ፤ ዝግጅቱ ሲያልቅ መናገር አቅቶት ወረደ።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰ። ሐኪሙ ያው ሕክምና ይቀጥል አለ። ወጣቱ ግን ሌሊቱን ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ አድሮ ነበር። መድረክ ላይ ስወጣ ደህና ነበርኩ፤ ስወርድ ድምፅ አልነበረኝም። እንግዲያው ያበላሸኝ በመካከሉ እኔው ራሴ ያደረግሁት ነገር መሆን የለበትም ወይ ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ልክ ነህ አለው። ታዲያ ምን ይሆን ያደረግሁት? ለዚህኛው ጥያቄ ሐኪሙ መልስ አልነበረውም፤ አለመኖሩንም አልደበቀም። ወጣቱ ራሴ ፈልጌ አገኘዋለሁ ብሎ ወጣ።

ስሙ ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር ነው። በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከአውስትራሊያ ዋና ምድር በስተደቡብ ባለችው በታዝማኒያ ደሴት ተወለደ። ያለ ጊዜው የተወለደ፣ በልጅነቱ ትንፋሽ የሚያስቸግረው ልጅ ነበር። ሲያድግ ሼክስፒርን በቃሉ አጥንቶ ብቻውን መድረክ ላይ ማቅረብን ሙያው አደረገ። ማይክሮፎን በሌለበት ዘመን አንድ ሰው አዳራሽ ሙሉ ሕዝብን በገዛ ድምፁ ብቻ የሚይዝበት ሥራ ነው። ድምፁ ከተዘጋ እንጀራው ተዘጋ። ሁለት ሐኪሞች እንጥልህ ረዝሟልና ይቆረጥ ብለውት ነበር። እኛም አገር ለብዙ ሕፃን የተሰጠ ምክር ነው። እሱ ግን እሺ አላለም።

«ምን ይሆን ያደረግሁት?» የሚለው ጥያቄ የተዋናይ ብቻ አይደለም። ሁለት መዝሙር መርታ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ የሚጠፋ የመዘምራን አባል፣ ቤቱ ሲዘፍን የሚያምርበት ሰው ሕዝብ ፊት ሲቆም ማንቁርቱ የሚታነቅ፣ ሐሙስ ሲደርስ ድምፁ የሚሰልል አስተማሪ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ጠይቀውታል። ብዙዎቹ የሚያገኙት መልስ ማርና ዝንጅብል ነው። አሌክሳንደር ግን መስታወት ገዛ።

የመጀመሪያው መስታወት

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች የሕያው ሰውን ማንቁርት በመስታወት ማየት ከጀመሩ ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፏቸዋል። ለዚህ መንገድ የከፈተላቸው ደግሞ የዘፈን መምህር ነው። አሌክሳንደር የት እንደቆመ የሚገባን ከእሱ በፊት የመጣውን የዚህን ሰው ታሪክ ስናይ ነው።

ማኑዌል ጋርሲያ በ1805 ከስፔናውያን ዘፋኞች ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በ1816 ሮም ላይ የሮሲኒ «የሴቪሊያው ፀጉር አስተካካይ» ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አልማቪቫን ሆኖ የዘፈነው ዝነኛ ቴነር ነው። በ1825 ቤተሰቡ አትላንቲክን ተሻግሮ ያንኑ ኦፔራ ለኒውዮርክ ሰው ሲያሳይ የሃያ ዓመቱ ማኑዌል ፊጋሮን ሆኖ ዘፈነ። የልጁ ድምፅ ግን የአባቱን ያህል ሸክም አልቻለም። ወጣትነቱ ሳያልፍ መድረኩን ትቶ ወደ ማስተማር ዞረ፤ በወታደራዊ ሆስፒታሎች እየሠራም የማንቁርትን አሠራር አጠና።

በ1841 ፓሪስ ወዳለው ቤቱ አንዲት ሃያ ዓመት የሆናት ስዊድናዊት መጣች። ጄኒ ሊንድ ትባላለች፤ በአገሯ ገና በልጅነቷ ገናና ሆና ነበር። ያለ ዕረፍት መዝፈን ድምፅዋን ክፉኛ ጎድቶታል። ጋርሲያ ሰማትና ለማስተማር እምቢ አለ፤ ስድስት ሳምንት ምንም እንዳትዘፍን፣ ስታወራም በጣም እንድትቆጥብ ነገራት። ስድስት ሳምንቱ አልቆ ስትመለስ ድምፅዋ አገግሞ ነበርና ተቀበላት። ከዚያ በኋላ ወራት የፈጀው ትምህርት የተጀመረው ከትንፋሽና ከቀላል ስኬል ነው። ኋላ አውሮፓና አሜሪካ የተሰለፈላት ሊንድ መዳኗ የመጣው ከዕረፍቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰባተኛው ሳምንት ወደ አገሯ በሄደች ነበር። ዕረፍቱ ቁስሉን አሻረ፤ ትምህርቱ ቁስሉን ያመጣውን ልማድ ለወጠ።

ጋርሲያን ሌት ተቀን የሚያሳስበው ግን አንድ ነገር ነበር። ዘፋኝ መሣሪያውን አያየውም። ክራር ደርዳሪ ጣቱን ያያል፤ ዘፋኝ ግን ድምፁ ሲወለድ አይቶ አያውቅም። በ1854 መስከረም ላይ ፓሪስ ውስጥ ፓሌ ሮያል የተባለው ስፍራ ሲንሸራሸር የመስታወትና የፀሐይ ብርሃን መላ በድንገት መጣለት። በቀጥታ ሻሪዬር ወደተባለው የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ሄዶ ረዥም እጀታ ያላትን፣ ገዢ ያጣች ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወት በስድስት ፍራንክ ገዛ። ቤቱ ገባ። እንፋሎት እንዳይሸፍናት መስታወቷን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ አደረቃት፤ አፉን ከፍቶ እንጥሉ ላይ አስደገፋት፤ በሌላ የእጅ መስታወት የፀሐይን ብርሃን ወደ ጉሮሮው ላከ። የገዛ ማንቁርቱ ወለል ብሎ ታየው።

በ1855 ያየውን ለለንደን ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ሲተነፍስ እንደሚከፈቱ፣ ድምፅ ሲያወጣ እንደሚገጥሙና እንደሚንቀጠቀጡ ነገራቸው። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቱርክና ቸርማክ የተባሉ ሐኪሞች መሣሪያውን ወደ ክሊኒክ ወሰዱት፤ የጉሮሮ ሕክምና የተባለው ዘርፍ በዚያ ላይ ቆመ። ጋርሲያ 100 ዓመት ሲሞላው በ1905 ለንደን ላይ ሳይንቲስቱም ዘፋኙም አንድ ላይ አከበሩት።

ለዘማሪው ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አልሆነም። ኦርኬስትራ የሚቃኝባት የ«ላ» ድምፅ ስትዘፈን አውታሮቹ በሴኮንድ 440 ጊዜ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ይህን ማወቅ ይቻላል፤ ማዘዝ ግን አይቻልም። አውታርህን ትንሽ ቀጭን አድርግ ቢባል ማንም እንዴት እንደሚያደርገው አያውቅም። የጋርሲያ መስታወት ድምፅ የት እንደሚወለድ አሳየ፤ አንድ ሰው የገዛ ድምፁን እንዴት እንደሚያንቅ ግን ከጉሮሮ ውስጥ ሆኖ አይታይም። ለዚያ መስታወቱን ከአፍ ማውጣትና ራቅ አድርጎ መትከል አስፈለገ።

ሦስቱ ጥፋቶች

አሌክሳንደር መስታወቱ ፊት ቆሞ በመጀመሪያ እንደ ወትሮው ተናገረ። ምንም ያልተለመደ ነገር አላየም። ቀጥሎ መድረክ ላይ እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ ከሼክስፒር አንድ ክፍል አቀረበ። አሁን ሦስት ነገር ታየው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ማንቁርቱን ወደ ታች ይጫናል፤ ትንፋሹን በአፉ እየሳበ ይቃትታል። እንደገና ወደ ተራ ንግግሩ ተመልሶ አተኩሮ ሲያይ ሦስቱም እዚያ አሉ፤ ብቻ በጣም ትንሽ በመሆናቸው መጀመሪያ አላስተዋላቸውም። ንግግሩ በከበደ ቁጥር ሦስቱም ይከብዳሉ።

ከሦስቱ የትኛው ነው በኩሩ? አንድ በአንድ ሞከራቸው። መቃተቱን ልከልክል ቢል አልተቻለውም። ማንቁርቱን አልጫንም ቢል አልሆነለትም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ መጣሉን ግን በመጠኑ መግታት ቻለ። በገታው ጊዜ ደግሞ ሌሎቹ ሁለቱ በራሳቸው ቀነሱ፤ መሻከሩም ቀለለ። ለሐኪሙ ያቀረበው ጥያቄ የመጀመሪያ መልሱን አገኘ፤ ድምፁን የሚያበላሸው በገዛ አካሉ ላይ የሚያደርገው ነገር ነው።

ለምን ጭንቅላት? ማንቁርት ከላይና ከታች እንደታሰረ ዥዋዥዌ ነው። ከላይ በምላስ ሥር ካለች ትንሽ አጥንት ላይ ተንጠልጥሏል፤ ያቺ አጥንት ደግሞ ከሌላ አጥንት ጋር አትገጥምም፤ ከመንጋጋና ከራስ ቅል በጡንቻና በጅማት ተይዛለች። ከታች ወደ ደረት አጥንት የሚወርዱ ጡንቻዎች ይስቡታል። አምስት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጭንቅላት ወደ ኋላ ተጥሎ ማጅራት ሲያጥር የማሰሪያዎቹ ሁሉ ሚዛን ይዛባል። በአውታሮቹ ላይ የሚደርሰው ጫና ከዚያ የመጣ እንጂ አውታሮቹ ጥፋት ኖሯቸው አይደለም።

አሌክሳንደር እያየ ሲሄድ ነገሩ ጭንቅላትና አንገት ላይ ብቻ አልቆመም። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሲጥል ደረቱ ይነሣል፤ ወገቡ ይሰረጉዳል፤ ጀርባው ይጠባል፤ ቁመቱ ሳይቀር ያጥራል። ወደ ታች ሲወርድ እግሩ ላይም ደረሰ። አንድ የትወና መምህር ቀደም ሲል መሬቱን በእግርህ ቆንጥጠህ ያዝ ብለውት ነበር። ምክሩን ከልቡ ተቀብሎ የእግሩን ጣቶች እየቆለመመ፣ እግሩን ሁሉ እያጠነከረ ይቆም ነበር። ድምፁን የሚዘጋው ጥረት ከእግር ጣቱ ጀምሮ እስከ ራስ ቅሉ የተያያዘ አንድ ሥራ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጉሮሮን ብቻ ማከም ለምን እንዳልረዳው ገባው።

«ትክክል» የተባለው ስሜት

ችግሩ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል መሰለው፤ ጭንቅላቴ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ወደ ፊት ላድርገው። አደረገ። እንዳደረገውም በእርግጠኝነት ተሰማው። ድምፁ ግን የተጠበቀውን ያህል አልተሻሻለም። እንግዲያው ላጣራ ብሎ ከፊት ለፊቱ መስታወት ግራና ቀኝ ሁለት መስታወቶች ጨመረ። ከጎን ራሱን ሲያይ የታየው ነገር አስደነገጠው። ድምፁን ባወጣበት በዚያችው ቅጽበት፣ ወደ ፊት አድርጌዋለሁ ብሎ በሚምልበት ሰዓት፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሄዷል።

የግኝቱ ዋና እምብርት ይህ ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ትምህርት ሁሉ በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነበር፤ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ከተነገረው፣ ሲያደርገውም ይሰማዋል የሚል እምነት። አሌክሳንደር ያየው ሌላ ነው። ለዓመታት ጭንቅላቱን ወደ ኋላ የጣለ ሰው ያ አቋም መካከለኛው ሆኖ ይሰማዋል። ትክክለኛው ቦታ ላይ ቢያስቀምጡት የተጣመመ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ደህና መስሎ ወደሚሰማው ይመለሳል፤ ደህና መስሎ የሚሰማው ደግሞ ያው በሽታው ነው። ስሜትን ተከትሎ ራስን ማረም ልማድን በልማድ ማረም ሆነ።

ለዘፈን ይህ ክፉ ዜና ነው፤ ምክንያቱም ዘፋኝ የሚያምነው ከስሜቱ ሌላ ብዙ ምስክር የለውም። ጆሮውም ቢሆን ያሳስተዋል። የላኩትን የድምፅ መልእክት መልሰው ሰምተው «ይሄ እኔ ነኝ?» ያላሉ ጥቂቶች ናቸው። የገዛ ድምፃችን በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ወደ ውስጥ ጆሯችን ይደርሳል፤ አጥንቱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ አጉልቶ ያሳልፋል። አዳራሹ የሚሰማውን ዘፋኙ አይሰማም። አንድ ሰው ጎርነን ያለ ድምፅ ለማግኘት ምላሱን ወደ ኋላ ቢጫን ለራሱ ጆሮ ግርማ ሞገስ ያገኘ ይመስለዋል፤ ለተቀመጠው ሕዝብ የታፈነ ድምፅ ነው የሚደርሰው።

ድያፍራምም እንዲሁ ነው። ከድያፍራምህ ተንፍስ የማይል የዘፈን መምህር የለም። ድያፍራም ግን ቦታውን እንዲህ ነው ብሎ ለባለቤቱ የሚናገር የስሜት ምልክት እምብዛም የሌለው ጡንቻ ነው፤ ተማሪው የሚሰማው የሆዱ ግድግዳ ሲገፋና የጎድን አጥንቱ ሲሰፋ ብቻ ነው። ሆዱን በኃይል እየገፋ ድያፍራሜን አሠራሁት የሚል ተማሪ በቅንነት ይሳሳታል።

እምቢ ማለት

ወደ ፊት ማድረግ ካልተቻለ፣ ስሜትም ካላገለገለ፣ ምን ቀረ? አሌክሳንደር ራሱን መከታተሉን ቀጠለ። ጥፋቱ የሚጀምረው ድምፁ ሲወጣ ሳይሆን እናገራለሁ ብሎ ባሰበባት ቅጽበት መሆኑን አስተዋለ። ሐሳቡ ሲመጣ ማጅራቱ ገና አፉ ሳይከፈት ይጠብቃል። ስለዚህ ለሐሳቡ መልስ መስጠትን መከልከል ጀመረ። መስታወቱ ፊት ቆሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ ብሎ ይወስናል፤ ከዚያ አይልም። አንገቱ እንዲለቅ፣ ጭንቅላቱ ወደ ፊትና ወደ ላይ እንዲሄድ፣ ጀርባው እንዲረዝምና እንዲሰፋ በሐሳቡ ብቻ ያዛል፤ በጡንቻው አያደርገውም። የመናገሪያዋ ሰዓት ስትደርስ እንደገና ይመርጣል። አንዳንዴ ምንም አይልም። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን ትቶ እጁን ያነሣል። አንዳንዴ ደግሞ ትእዛዙን ሳይለቅ ይናገራል። መናገሩ ከሦስት ምርጫዎች አንዱ ብቻ ሲሆን የድሮው ልማድ መነሻ አጣ። በዚህ ልምምድ ረዥም ጊዜ ከቆየ በኋላ መሻከሩ ለቀቀው፤ ከልጅነቱ የተከተለው የትንፋሽ ችግርም ተወው።

የሰማ ሁሉ መጣ። መጀመሪያ ሜልበርንና ሲድኒ፣ ከ1904 ጀምሮ ለንደን ላይ ተዋንያንና ዘፋኞች ትንፋሽና ድምፅ ሊማሩ ወደ እሱ ሄዱ። እሱም ቃል ብቻ እንደማይበቃ ቶሎ ገባው፤ የተማሪው «ወደ ፊት» የተማሪው ስሜት የሚለው «ወደ ፊት» ነውና። በቃል ፋንታ በእጁ ማስተማር ጀመረ።

ዛሬም ትምህርቱ የሚሰጠው እንዲያው ነው። ተማሪዋ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መምህሩ መዳፉን በቀስታ ማጅራትዋ ላይ ያሳርፋል፤ አይገፋም፣ አያሽም። «አሁን ልትነሺ ነው» ይላታል። ገና ሳትንቀሳቀስ ከመዳፉ ሥር ማጅራትዋ ድርቅ ይላል፤ መምህሩ ያውቀዋል፤ እሷ አታውቀውም። «አትነሺ» ይላታል። ማጅራትዋ ይለቃል። እንደገና። ከተደጋገመ በኋላ ድርቀቱ ሲመጣ ለእሷም ይሰማታል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትከለክለው የምትችለው ነገር ሆነ። ከዚያ ከወንበር መነሣት ወደ ድምፅ ይኬዳል። አሌክሳንደር ትቶልን የሄደው ልምምድ አለ፤ ደስ የሚል ነገር ታስባለች፣ ፊትዋ ይፈታል፣ የምላስዋ ጫፍ የታችኛውን ጥርስ ይነካል፣ መንጋጋዋ ይወርዳል፣ ትንፋሽዋን «አ...» ብላ ያለ ድምፅ በሹክሹክታ ታወጣለች። ሲያልቅ አፍዋን ትዘጋለች፤ አየሩ በአፍንጫዋ በራሱ ይገባል። መቃተት የለም። ትንፋሽ የሚሳብ ሳይሆን ቦታ ሲለቀቅለት የሚመጣ ነገር መሆኑን እዚያ ትማራለች።

ካርታው ሲሳሳት

ከአሌክሳንደር በኋላ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ሰው ስሜቱ የሚያሳስተው ለምንድን ነው? አሜሪካዊው የቼሎ መምህር ዊሊያም ኮኔብልና ባርባራ ኮኔብል አንዱን ምክንያት አገኙ፤ ሰው የሚንቀሳቀሰው በአካሉ ሳይሆን ስለ አካሉ በጭንቅላቱ ውስጥ በያዘው ካርታ ነው፤ ካርታው ከተሳሳተ እንቅስቃሴውም ይሳሳታል። ይህን እዚሁ መሞከር ይቻላል። ጭንቅላትህ ከአከርካሪህ ጋር የሚገጥመው የት ነው ሲባል ብዙ ሰው የሸሚዙ አንገትጌ ያለበትን ማጅራቱን ያሳያል። እውነተኛው መገጣጠሚያ ግን በሁለቱ ጆሮዎች መካከል፣ ከራስ ቅል ሥር ነው። አንገትጌው ላይ የሚያጎነብስ ሰው አንገቱን ሙሉ ወደ ፊት ይሰብራል፤ በጆሮዎቹ መካከል የሚነቀንቅ ሰው አንገቱ ሳይነካ እሺ ማለት ይችላል። ቀስ ብሎ ሁለቱን ማነጻጸር ነው።

ሳንባም እንዲሁ ነው። «ከሆድህ ዝፈን» ሲባል ያደገ ሰው አየሩ ሆዱ ውስጥ የሚገባ ይመስለዋል። ሳንባ ግን ጫፉ ከአንገት ሥር ካለው አግዳሚ አጥንት በላይ ድረስ ይደርሳል። ድያፍራምም ሆድ ላይ የተዘረጋ ነገር ሳይሆን ጎድን አጥንቶች ውስጥ ወደ ላይ ጎብጦ የተቀመጠ ነው። የጎድን አጥንቶችም ከኋላ ከአከርካሪው ጋር በመገጣጠሚያ ታስረዋል፤ ስለዚህ ትንፋሽ ሲገባ ጀርባም መንቀሳቀስ አለበት። ይህን ያወቀ ዘፋኝ ሆዱን መግፋት ትቶ ጎኑንና ጀርባውን ይለቃል።

ምን ያህል ተረጋግጧል?

የአሌክሳንደር መንገድ አድናቂዎች አጥቶ አያውቅም። ፈላስፋው ጆን ዱዊ ለመጻሕፍቱ መግቢያ ጻፈለት። በ1973 የኖቤልን የሕክምና ሽልማት ከሁለት ሰዎች ጋር የተካፈለው ኒኮላስ ቲንበርገን የሽልማት ንግግሩን ጥሩ ክፍል ለአሌክሳንደር ሰጠው። የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚውዚክ ለሙዚቀኞቹ ያስተምረዋል። አድናቆት ግን ማስረጃ አይደለም። በሰፊው የተፈተነው ለጀርባ ሕመም ነው፤ በ2008 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት 579 ሕመምተኞችን ተከታትሎ ትምህርቱ እንደሚረዳ አገኘ። በድምፅ በኩል ያለው ማስረጃ ትንሽ ነው። ፍራንክ ፒርስ ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1972 የጭንቅላት ሚዛን ሲለወጥ የዘፋኝ ድምፅ እንዴት እንደሚለወጥ በመሣሪያ መርምሮ አሳተመ፤ ጅምር እንጂ የመጨረሻ ቃል አይደለም።

ሌላ ተቃውሞም አለ፤ እሱ የበለጠ ያሳስባል። ጀርመናዊቷ ጋብሪዬለ ቩልፍ ከባልደረቦችዋ ጋር በ1998 ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን በበረዶ መንሸራተቻ ዓይነት ማሽን ላይ አቆመች። አንዳንዶቹን ትኩረታችሁ እግራችሁ ላይ ይሁን አለቻቸው፤ ሌሎቹን ከእግራችሁ ሥር ባሉት ጎማዎች ላይ። የተሻለ የተማሩት ጎማውን ያሰቡት ናቸው። ስለ አካሉ አብዝቶ የሚያስብ ሰው እንቅስቃሴው ይተሳሰራል። ታዲያ ዘማሪ ማጅራቱን፣ ጎኑን፣ የእግሩን ጣት እያሰበ እንዴት ይዘምራል?

እኛ ለዚህ ጥያቄ የቆየ ታሪክ አለን። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር የንጉሡ ጦር እግሩ ላይ ተተክሎ ደሙ ሲፈስ፣ ዘማሪውም ሰሚውም በዜማው ተመስጠው አላስተዋሉም ይላል ትውፊቱ። በዜማ ጫፍ ላይ ያለ ሰው አካሉን ይረሳል ማለት ነው። ነገር ግን ያችው ቤተ ክርስቲያን ተማሪዋን በመርሳት አላስጀመረችም። ዜማ ቤት የገባ ተማሪ በየኔታው ፊት ዓመታት ይቀመጣል፤ አቋቋም ሲማር ዝማሜውን በመቋሚያ፣ መቼ ወዴት እንደሚዘነብል፣ መቼ እንደሚነሣ በአካሉ ያጠናል። አካሉን ሥራዬ ብሎ የተማረ ነው አካሉን ረስቶ የሚዘምረው።

የአሌክሳንደር ግኝትም በዚህ ቅደም ተከተል ሲቀመጥ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። አካልን ማስተዋል የልምምድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሕዝብ ፊት ሲቆም ትኩረቱ ወደ ቃሉና ወደ ሰሚው ይሄዳል። ለልምምዱም ዛሬ ሦስት መስታወት መትከል አያስፈልግም። ስልክን ከጎን ደግፎ አንድ ስንኝ መቅረጽ ይበቃል፤ መታየት ያለባት ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ያለችው አጭር ጊዜ ናት። ጭንቅላት ወዴት ሄደ? ደረት ተነሣ ወይ? ትንፋሹ በጩኸት ገባ ወይ? ካሜራው ይህን ሁሉ ሳያዳላ ያሳያል። ቀጥሎ ያንኑ ስንኝ ልዘምር ብሎ ተነሥቶ አለመዘመር፣ ማጅራት እስኪለቅ መታገሥ፣ ከዚያ መምረጥ ነው። ይህኛውን ክፍል ስልክም መምህርም አይሠሩለትም፤ ዘማሪው ራሱ በየቀኑ የሚሠራው ነው።